በጫማ ምክንያት የሞተ ጨዋታ

ሰው ሲሞት ቢያንስ መርዶ ይመጣል። ጨዋታ ሲሞት ግን ማንም በርህን አያንኳኳም። የጨዋታው ሕግና ታሪክ የሚታተምበት የሚቀጥለው መጽሐፍ ይቀራል፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ይቀራል፣ አንተም ለቅሶ ልቀመጥ ወይስ ልጠብቅ እያልክ ትከርማለህ።

ስታር ዋርስ ከሚባለው የጠፈር ፊልም ስለተሠራው ስለ ድሮው አርፒጂ ነው የማወራው። የኮምፒውተር ጌም እንዳይመስላችሁ። ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፣ አንዱ እየተረከ ሌሎቹ ገጸ ባህርይ እየሆኑ የሚጫወቱት ነው። ዌስት ኤንድ ጌምስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ1987 እ.ኤ.አ. አወጣው። ለሉዶ የምንጠቀምበት ተራው ዳይስ ይበቃዋል፣ እሱ ደስ ይለኛል። ደግሞ ሮዲያን፣ ትዊሌክ የሚባሉት የፊልሙ ፍጡራን ስሞች ከዚህ ጨዋታ መጻሕፍት የወጡ ናቸው!

በ1998 ኩባንያው ከሰረ። ጨዋታው ተጠልቶ አይደለም። የባለቤቶቹ ሌላ ሥራ ጫማ ማስመጣት ነበር፣ እሱ ሲወድቅ ይዞት ወደቀ። ጫማ! ስሰማ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቆይቶ ግን አናደደኝ። የስታር ዋርስን ስም የመጠቀም ፈቃዱ ደግሞ የፊልሙ ባለቤት የሉካስፊልም ስለሆነ ኩባንያው ቢያንሰራራ እንኳ እንደ ድሮው ማተም አይችልም።

እንዲህ ሲሆን ሁሌም «መጽሐፉ መደርደሪያህ ላይ ነው፣ ማን ይወስድብሃል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው ያየው። ከአምስቱ ተጫዋቾች አንዱ ያገባል፣ አንዱ ከተማ ይቀይራል፣ ሌላው ሥራ ይበዛበታል፣ በእነሱ ቦታ የሚመጣው ልጅ መጽሐፉን ከየት ይግዛ? ጭንቀቱ እዚያ ላይ ነው።

በ2000 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የሚባል ሌላ የጨዋታ ኩባንያ ፈቃዱን ወስዶ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ያለው አዲስ ጨዋታ አወጣ። ስሙ ያው፣ ልጁ ሌላ። ብዙ ነባር ተጫዋቾች በድሮው ቀጠሉ፤ እንዲያውም የተበታተኑትን ሕጎች ራሳቸው ሰብስበው፣ አስተካክለውና ጨምረውበት እንደ አዲስ አዘጋጁት። ማንም ሳይከፍላቸው።

በ2018 ፋንታሲ ፍላይት የሚባል ኩባንያ የድሮውን ጨዋታ የመጀመሪያ እትም ለ30ኛ ዓመቱ መልሶ አሳተመ። ሃያ ዓመት! እኔ ያኔ ዋጋው በዛብኝ ብዬ ሳመነታ አመለጠኝ። አንድ ጓደኛዬ ጋ ጀርባው የተገነጠለ የድሮ ቅጂ አለ። አውሰኝ ስለው መልሱ አንድ ነው፦ «እዚሁ ቁጭ ብለህ አንብብ።»