«በገዛ ፈቃዴ»
ዛሬ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ ፋብሪካው በር ላይ ሻይ ይዘን ቆመን፣ ነፍሰ ጡር የሆነች የስፌት ክፍል ጓደኛችን አንድ ወረቀት አሳየችን። «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» ይላል። የቀረው ፊርማዋ ብቻ ነው። አለቃዋ «አይዞሽ እህቴ፣ ስትወልጂ እንመልስሻለን» ብሏታል። ይህቺን ተስፋ ግን ወረቀት ላይ አላሰፈራትም፣ ብልጥ!

እህቶቼ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደሞዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለሽ፣ በእርግዝናሽ ሰበብ ማባረር ደግሞ ክልክል ነው። ለዚህ እኮ ነው ራስሽ እንድትለቂ የሚለማመጡሽ! አንዴ ከፈረምሽ ማን ይጠየቃል?

አልፈረመችም። ነገ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ አብረን እንሄዳለን፣ የባጃጁ ሒሳብ በእኔ ነው።