ኮኖዶንትን ከኖራ ድንጋይ ማውጣትና ዕድሜ ማንበብ

ኮኖዶንቶች ካምብሪያን ከሚባለው የምድር ታሪክ ዘመን እስከ ትሪያሲክ ዘመን ማብቂያ ድረስ በባሕር የኖሩ እንስሳት ናቸው። ለእኛ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆነው ጥርስ መሰል ክፍላቸው ነው። ይህ ክፍል ካልሲየም ፎስፌት ስለሆነ ደካማ አሲድ የኖራ ድንጋዩን ሲያሟሟ እሱ ይተርፋል። ቅርጹም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ስለነበር የፓሌኦዞይክ (ከትሪያሲክ በፊት የነበረው ረጅም ዘመን) የኖራ ድንጋይን ዕድሜ ለመለየት ከእሱ የምመርጠው የለም። ችግሩ አንድ ነው፦ ዝርያው ሳይገኝ ሲቀር፣ ድንጋዩ ውስጥ ስላልነበረ ነው ወይስ አሠራሬ አጥፍቶት?

ናሙና ስወስድ ከአንድ ቋሚ መነሻ ንብርብር ያለውን ከፍታ በሴንቲሜትር ለክቼ እጽፋለሁ። አንድ ናሙና ግማሽ ሜትር ውፍረት ካጠቃለለ የተለያየ ዘመን ዝርያዎች ይደባለቃሉ፤ በኋላ መለየት አይቻልም። ከየንብርብሩ 2 ወይም 3 ኪሎግራም ይበቃል። ተንከባሎ የመጣ ድንጋይ አልነካም።

ድንጋዩን ከ2 እስከ 4 ሴንቲሜትር እሰብረዋለሁ እንጂ አልፈጨውም፤ መፍጨት ቅሪተ አካሉንም ይሰብራል። ብዙ ጥፋት የሚደርሰው አሲዱ ላይ ነው። 10 በመቶ አሴቲክ አሲድ ብቻውን ሲሆን ፎስፌቱንም ይበላል፤ ገጹ ይነጣል፣ ቀጫጭኖቹ ጨርሰው ይጠፋሉ። ስለዚህ 7 እጅ አሲድ፣ 63 እጅ ውሃ እና 30 እጅ ከቀድሞ ዙር የተጣራ ያገለገለ ፈሳሽ እቀላቅላለሁ፤ በፈሳሹ ያለው ካልሲየም አሲቴት ፒኤቹን (የአሲድነት ልኬቱን) ከ3.6 በላይ ያቆየዋል፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል። አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ሥራው ጓንትና አየር ማስወጫ ይፈልጋል። አረፋው ሲቆም አሲዱ ደክሟልና ይቀየራል። ዶሎማይት (ማግኒዥየም ያለበት የኖራ ድንጋይ መሰል ድንጋይ) ለአሴቲክ አሲድ እምብዛም አይበገርም፤ ለእሱ በካልሲየም ካርቦኔትና በካልሲየም ፎስፌት የተገራ ፎርሚክ አሲድ ይሻላል።

ዝቃጩን በ1 ሚሊሜትርና በ63 ማይክሮሜትር ወንፊቶች በቀስታ አጥባለሁ፣ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በታችም አደርቃለሁ። ከየናሙናው በኋላ ወንፊቱን ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ እነክራለሁ። ተሰንቅሮ የቀረ ቅንጣት ሰማያዊ ስለሚሆን በሚቀጥለው ናሙና ውስጥ ይታወቃል። ከሌላ ንብርብር ያመለጠ አንድ ቅንጣት እውነተኛ የሚመስል የሐሰት ዕድሜ ይሰጣልና ይህን እርምጃ መዝለል አይገባም።

ዝቃጩ ሲበዛ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.8 ግራም ገደማ በሆነ፣ ሶዲየም ፖሊተንግስቴት በሚባል ከባድ ፈሳሽ እለየዋለሁ። ኮኖዶንት ከ2.84 በላይ ስለሆነ ይሰምጣል፤ ዶሎማይትና የብረት ማዕድናትም አብረው ይወርዳሉ። ፈሳሹ የሚቀጥነው በተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ በቧንቧ ውሃ ያለው ካልሲየም ከተንግስቴቱ ጋር ደለል ይፈጥራል። የተንሳፈፈውንም ክፍል ሳላይ አልጥልም።

በማይክሮስኮፕ ሥር በጥቁር ሳህን ላይ፣ እርጥብ ባደረግሁት ቀጭን ብሩሽ እለቅማለሁ። አንዱ እንስሳ ብዙ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ክፍሎች ስለነበሩት የተለያየ ቅርጽ የተለያየ ዝርያ አይደለም። ለዘመን መለያ በይበልጥ የሚጠቅመው ፒ1 የሚባለው፣ ከአፉ በስተኋላ የነበረው ክፍል ነው። ቀለሙንም እመዘግባለሁ፦ ከፈዛዛ ቢጫ ወደ ጥቁር የሄደ ክፍል ድንጋዩ የደረሰበትን ሙቀት ይናገራል፤ ጥቁሩ 300 ዲግሪ ያህልና ከዚያ በላይ ነው።

ኮኖዶንት በራሱ የዓመት ቁጥር አይሰጥም። የትሪያሲክ መነሻ በቻይና ሜይሻን፣ ሂንዲዮደስ ፓርቩስ የተባለው የኮኖዶንት ዝርያ መጀመሪያ በታየበት ንብርብር እ.ኤ.አ. በ2001 ጸድቋል፤ 251.9 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ግን የተገኘው እዚያው ካሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ውስጥ ከሚገኘው፣ ዕድሜው ሊለካ ከሚችለው ዚርኮን ከሚባል ማዕድን ነው። ዝርያው ያን ቁጥር አመድ ወደሌለባቸው አገሮች ድንጋዮች ያደርሰዋል።

የፈረንሳዩ ላ ሴር ደግሞ ጥንቃቄ ያስተምራል። የዴቮኒያንና የካርቦኒፌረስ ዘመናት ወሰን እዚያ የተወሰነው ሲፎኖዴላ ሱልካታ በተባለ የኮኖዶንት ዝርያ መጀመሪያ መታየት ነበር፤ በኋላ በተደረገ ጥናት ግን ዝርያው ከወሰኑ በታችም ተገኘ። ስለዚህ ከወሰን በታች ያሉትን ንብርብሮች አቀራርቤ፣ በትልልቅ ናሙና እፈትሻለሁ። ወሰኑንም በአንድ መስመር ሳይሆን ዝርያው ካልተገኘበት የመጨረሻ ናሙና እስከ ተገኘበት የመጀመሪያ ናሙና ባለው ርቀት እጽፈዋለሁ።