ቱታውን ያወለቁልኝ እናት

ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው በሚደረጉበት በትራያትሎን ውድድር ዓለም ጀማሪም አንጋፋም የሚስማማበት አንድ ምክር አለ፦ በውድድር ቀን አዲስ ነገር አትሞክር። ጫማም ይሁን መነጽር፣ በተለይ ደግሞ የዋና ቱታ፣ አስቀድመህ ፈትሸው። እኔ ምክር የምሰማ ሰው ነኝና ፈተሽኩ።

የተመዘገብኩበት ውድድር 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ብስክሌቱን እወደዋለሁ። ሩጫውን እንደምንም እጨርሰዋለሁ። ዋናው ላይ ግን እኔና እግሮቼ ተስማምተን አናውቅም፤ ከወገቤ በላይ ያለው ወደ ፊት ሲሄድ ከወገቤ በታች ያለው ወደ ታች ይሄዳል። አሠልጣኜ አንድ ቀን ገንዳው ዳር ቆሞ ሲያየኝ ቆየና “አንተ እየዋኘህ አይደለም፣ ደረጃ እየወጣህ ነው” አለኝ።

እንግዲህ ዌትሱት የሚሉት የላስቲክ ቱታ እግርን እንደሚያንሳፍፍ ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ነገሩ እውነት ነው። ልብሱ የሚሠራበት ኒዮፕሪን፣ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930 የፈጠረው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው። ለልብስ የሚውለው ዓይነት በውስጡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎችን አምቆ ይይዛል፤ እነዚያ አረፋዎች ሙቀት ያቆያሉ፣ ገላንም ወደ ላይ ይገፋሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ ላስቲክ የዋና ልብስ ያበጀው ሂው ብራድነር የፊዚክስ ሊቅ ነበር። መሆኑ አልገረመኝም። ልብሱን አንድ ጊዜ የለበሰ ሰው ስለ ሰበቃ ኃይል የሚያስተምረው መምህር አይፈልግም።

ቱታውን ሳዝዝ ቁመትና ክብደት ተቀብሎ ልክ የሚመርጥ ሰንጠረዥ ቀረበልኝ። ቁመቴን በሐቅ ሞላሁ። ክብደቴን ግን በውድድሩ ቀን ይኖረኛል ብዬ ያቀድኩትን ጻፍኩ። ሰንጠረዡም አመነኝ።

ዕቃው የመጣ ዕለት ባለቤቴ ከካርቶኑ ውስጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አወጣችው። ጥቁር ነው፣ ይብረቀረቃል፣ አዲስ የመኪና ጎማ ይሸታል።

“ለልጅ ነው የገዛኸው?”

“ጠባብ መሆን አለበት” አልኳት። “ከሰፋ ውሃ ይገባና እንደ ጆንያ ይሞላል።”

ያልኳት ልክ ነው። ችግሩ፣ በልኩ የጠበበውንና ከልክ በላይ የጠበበውን መለየት የሚቻለው ከገቡበት በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ መዋኛው ከመሄዴ በፊት በቱታ መዋኘት ይፈቀድ እንደሆነ ስልክ ደውዬ ጠየቅሁ። “ታጥበው ይግቡ እንጂ ችግር የለውም” አሉኝ። አለባበሱንም አጥንቼው ነበር። እግር ላይ ፌስታል ይጠለቃል፣ ላስቲኩ እንዲንሸራተት። እጅ ላይ የጥጥ ጓንት ይደረጋል፣ ጥፍር እንዳይቀደው፤ ትከሻው አካባቢ ክንድ እንደ ልብ እንዲዘረጋ ተብሎ በጣም የሳሳ ነው። አንገት ላይ ደግሞ ቅባት ይቀባል፣ ቆዳ እንዳይላጥ። ቫዝሊን ግን ላስቲኩን ስለሚጎዳ አይመከርም። ቤት ውስጥ የነበረው ቅባት ቫዝሊን ብቻ ስለሆነ አንገቴን ሳልቀባ ቀረሁ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንድ ጥግ ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ቀኝ እግሬ ገባ። ማለቴ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ። ከዚያ በላይ ያለው ጉዞ በጣት ስፋት የሚለካ ነው፦ ላስቲኩን ቆንጠጥ፣ ወደ ላይ ሳብ፣ ለቀቅ፤ ቆንጠጥ፣ ሳብ፣ ለቀቅ። ጉልበቴ ጋ ስደርስ ላቤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጭኔ ጋ ስደርስ አንድ አባት ስድስት ዓመት ከሚሆነው ልጁ ጋር ገባ። ከወገቤ ጋር ስታገል ልጁ የዋና ልብሱን ለብሶ ጨርሶ ዓይኑን ተክሎብኛል።

“አባዬ፣ ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?”

“ዝም በል፣ እየለበሱ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

አባትየው መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

የዚህ ልብስ ምስጢሩ ያለው ብሽሽቱ ላይ ነው። እዚያ ጋ ቦታውን ካልያዘ ከላይ ያለው ሁሉ ያጥራል። የእኔ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። አንድ ስንዝር ምን ታመጣለች ብዬ እጆቼን አስገባሁ። ትከሻዬ ላይ ካደረስኩት በኋላ ምን እንደምታመጣ አየሁ፤ ቀና ማለት አቃተኝ። ንጉሥ ፊት እንደ ቀረበ ባለጉዳይ አጎንብሼ ቀረሁ።

በዚያው እንደ ጎነበስኩ ወደ አባትየው ዞርኩና “ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ዚፑን ቢዘጉልኝ” አልኩ። ዚፑ ከጀርባ ነው። ሰውየው አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጎተተ።

“ትንፋሽዎን ወደ ውስጥ ይሳቡ።”

“ስቤአለሁ።”

“እንግዲያውስ ያስወጡት።”

አስወጣሁት። ዚፑ ያን ጊዜ ተዘጋ። ያስወጣሁትን ትንፋሽ መልሼ የማስገባበት ቦታ ግን አልተረፈም። ሰውየው ሥርዓት ወዳድ ኖሮ፣ ለባሹ ራሱ ስቦ እንዲከፍትበት ከዚፑ ጫፍ የተንጠለጠለውን ረጅም ገመድ አጣጥፎ ከአንገቴ ማያያዣ ሥር ሸጎጠልኝ። “እንዳያደናቅፍዎት” አለኝ። አመሰገንኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ስመለከት ለመልበስ 43 ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

ወደ ገንዳው ስራመድ እያንዳንዱ እርምጃዬ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሰው ሁሉ ቁምጣና ስስ የዋና ልብስ ለብሶ፣ እኔ ብቻ ከቁርጭምጭሚት እስከ አንገት ጥቁር። ነፍስ አድን የሆነው ወጣት ከወንበሩ ወረደ።

“ጋሼ፣ ውሃው 28 ዲግሪ ነው።”

“አውቃለሁ፣ ለሙከራ ነው።”

“የምን ሙከራ?”

“የቀዝቃዛ ውሃ።”

ውሃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊሽካውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከእኔ አጠገብ ባለው መስመር ሰባት ስምንት የሚሆኑ እናቶች በሙዚቃ የውሃ ውስጥ ስፖርት ይሠራሉ። ሰላምታ ሰጥቻቸው ገባሁ። መጀመሪያ ትንሽ ውሃ በዚፑ በኩል ሾልኮ ጀርባዬን ነካኝ። ቀጥሎ በደረቴ ተኛሁ። ምን ልበላችሁ! እግሮቼ ብቻቸውን ተነሡ። ለዓመታት ሽቅብ ስጎትታቸው የኖርኩት እግሮች እንደ ሁለት ጀልባ ከኋላዬ ተከተሉኝ። 25 ሜትሩን ብዙ ጊዜ በ35 ሰከንድ የምጨርሰው ሰውዬ በ30 ሰከንድ ግድግዳውን ነካሁ። ግማሹ ርግጫዬ አየር ላይ ነበር፣ ቢሆንም ግድ አልነበረኝም። በሁለተኛው ዙር ራሴን ሽልማት ሲቀበል አየሁት። በሦስተኛው ለጋዜጠኞች መልስ እሰጥ ነበር።

በአራተኛው ሞቀኝ።

ውሃ የገላን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይነጥቃል። ቱታው የተሠራው ይህን ዝርፊያ ለማስቆም ነው። ገንዳው ውስጥ ግን ዘራፊ አልነበረም። ሌባ በሌለበት ሰፈር ዘበኛ ቀጠርኩ፤ ዘበኛውም ሥራ ሲያጣ እኔኑ ቆለፈብኝ። ፊቴ ነደደ፣ ጆሮዬ ውስጥ የልቤን ምት እሰማለሁ። ጭንቅላቴን ለትንፋሽ ባዞርኩ ቁጥር ያልተቀባው አንገቴ ተገዘገዘ። ስድስተኛው ዙር ላይ፣ ጥልቁ ጋ፣ ልቁም አልኩ።

መቆም የለም። ራሴን ዘፍቄ ልቀዝቅዝ ብል ቱታው እንደ ቡሽ መልሶ ይተፋኛል። በጀርባዬ ስገለበጥ እግሮቼ ፊት ለፊቴ ብቅ አሉና አንወርድም አሉ። አንዱን በጉልበት ስጫነው ሌላው ይነሣል። እንደ ተገለበጠ ጢንዚዛ እጅና እግሬን ሳወናጭፍ ፊሽካው ጮኸ፣ ሙዚቃው ቆመ፣ ረጅም ዘንግ ወደ ደረቴ መጣ።

“ጋሼ! እየሰመጡ ነው?”

“አይደለም! መስመጥ አቅቶኝ ነው!”

እናቶቹ ሳቃቸውን ለመያዝ እንደ ሞከሩ እመሰክራለሁ። አልቻሉም እንጂ ሞክረዋል።

ዘንጉን ይዤ ዳር ወጣሁ። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ገመድ። በቀኝ እጄ ብፈልገው የለም፣ በግራዬም የለም። ጅራቱን እንደሚያሳድድ ውሻ በቦታዬ ዞርኩ። ሥርዓት ወዳዱ ሰውዬ በሕፃናቱ ገንዳ ከልጁ ጋር ኳስ ይወራወራል። ይህን ጊዜ ቢጫ የዋና ቆብ ያደረጉ አንዲት እናት ከውሃው ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ዕድሜያቸው ሰባ ቢሞላ ነው፤ ክንዳቸው ግን የእኔን ያስንቃል። ማያያዣውን ገለጡ፣ ገመዱን መዘዙ፣ ዚፑን እስከ ወገቤ አወረዱት። አየር ወደ ሳንባዬ ሲገባ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ፣ ከዚህ በኋላ እኔ...”

“አንተ ምን ትችላለህ! ቁጭ በል ልጄ፣ እግርህን ስጠኝ።”

ቁጭ አልኩ። ላስቲኩን ከትከሻዬ እስከ ጭኔ ገሽልጠው አወረዱት። ሁለት ጓደኞቻቸው ብብቴን ያዙ። እርሳቸው እግሮቼን ብብታቸው ሥር አድርገው ጀርባቸውን ለገንዳው ሰጡ። በአንድ እጄ ወለሉን፣ በሌላው አብሮ ሊሄድ የተነሣውን ቁምጣዬን ይዣለሁ።

“አምስት ልጅ ያሳደግሁት እርጥብ ሱሪ እየገፈፍኩ ነው” አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኞቻቸው። “አንድ፣ ሁለት...”

ሦስት አላሉም። ቱታው ባልታሰበ ሰዓት ቁርጭምጭሚቴን ለቀቀና እማማ ከነቱታው ተያይዘው ውሃው ውስጥ ገቡ። ልቤ ቆመ። ነፍስ አድኑ ዘንጉን ይዞ ሮጠ። ቀድሞ ብቅ ያለው ቱታው ነው። ቀጥሎ ቢጫው ቆብ። እማማ ደረታቸውን ቱታው ላይ አስደግፈው፣ እግራቸውን እያወራጩ፣ ቀስ ብለው ወደ እናቶቹ መስመር ተጓዙ።

“ይህስ ጥሩ ነገር ነው!” አሉ። “ልጄ፣ ሙዚቃው እስኪያልቅ ይቆይልኝ።”

ቆየላቸው።

ማታ ቤት ገብቼ ክሎሪኑ ላስቲኩን እንዳይበላው በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ ገልብጬ፣ ፀሐይ ስለማይወድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰቀልኩት። ባለቤቴ አንገቴ ዙሪያ ያለውን ቀይ ቀለበት አይታ “ማን አነቀህ?” አለችኝ። ምን እንደምመልስ ሳሰላስል ቆየሁ። ሌሊት እርሷ መብራት ሳታበራ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ያሰማችውን ጩኸት ጎረቤት እስካሁን ያነሣዋል።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ቤት ውስጥ በሩን ዘግቼ ተለማመድኩ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ቅባት ገዛሁ። ብሽሽቱን እስከ መጨረሻው መሳብ ለመድኩ። ከ43 ደቂቃ ወደ 9 ደቂቃ ወረድኩ፤ በዚህ ውድድር ውስጥ ያሻሻልኩት ትልቁ ሰዓት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ገመዱን ማንም ሰው እንዳይነካብኝ ጭምር ወሰንኩ።

የውድድሩ ዕለት ማለዳ ሐይቁ ዳር ቱታዬን እስከ ወገቤ ብቻ ለብሼ ቆምኩ። ደንቡ ለእኔ ዓይነቱ አማተር፣ በዚህ ርቀት፣ ውሃው ከ22 ዲግሪ ካለፈ ቱታ አይፈቅድም። ከውድድሩ አንድ ሰዓት በፊት ዳኞቹ በጀልባ ገብተው 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሦስት ቦታ ለኩ። የሚያዘው ዝቅተኛው ልኬት ነው። ዝቅተኛው 22.6 ሆነ። በድምፅ ማጉያው ሲነገር ሐይቁ ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ።

እኔ የተነፈስኩት ግን ትንሽ ቆይቼ ነው፤ የእግሮቼን ነገር እያሰብኩ። ቱታዬን በራሴ ጊዜ አወለቅሁ። ከጎኔ ግን በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ሰው እስከ አንገታቸው ተቆልፈው ቆመዋል። ፊታቸው ቀልቷል። ቀኝ እጃቸውን ወደ ጀርባቸው ሰደዱ፣ አልደረሰም። ግራውን ሞከሩ። በቦታቸው አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ሁለተኛም ዞሩ። ጠጋ ብዬ ማያያዣውን ገለጥኩና ከሥሩ የተሸጎጠውን ገመድ መዘዝኩት።

“ከዚህ በኋላ እንኳ እኔ...” ብለው ጀመሩ።

“ቁጭ ይበሉ ጋሼ” አልኩ፤ “እግርዎን ይስጡኝ።”