መኪና በመኪና ስንለዋወጥ የተጠየቅነው ቀረጥ፦ ጎንደር ላይ ያየሁት

መኪናን በመኪና ለመለወጥ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ የስም ማዛወሪያው ቀረጥ የሚሰላው ከእጅ ወደ እጅ በሚሻገረው ጭማሪ ገንዘብ ላይ ሳይሆን በሁለቱም መኪኖች ሙሉ ዋጋ ላይ መሆኑን ነው። ዋጋ ሲባልም ሁለቱ ሰዎች የተስማሙበት ሳይሆን ስም የሚያዛውረው መሥሪያ ቤት የሚገምተው ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። ያገናኘን ደላላ ዝም አለ፤ ውሉን ያረቀቀልን ጸሐፊም ዝም አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ መረጃ ሰጪም ስንጠይቃት «መጀመሪያ ውላችሁን ጨርሳችሁ ኑ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልጨመረችም። ከውል በኋላ የሚነገር ሒሳብ ለማንም አይጠቅምምና፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዲያውቀው የሆነውን ሁሉ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው። እኔ ዘንድ የነበረችው ብዙ ዘመን ያገለገለችኝ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ስትሆን፣ ማራኪ የሚኖር አንድ ጎልማሳ ደግሞ ቪትዝ ነበረችው። እርሱ ለሥራው ወደ ቆላድባ ስለሚመላለስ ለገጠር መንገድ የምትሆን፣ መለዋወጫዋም በየሱቁ የሚገኝ መኪና ፈለገ፤ ለጀመረው ቤትም ጥሬ ገንዘብ አስፈልጎት ነበር። እኔ ከአዘዞ ፒያሳ ከመውጣትና ከመውረድ ያለፈ መንገድ ስለሌለኝ ነዳጅ የምትቆጥብ ትንሽ መኪና ትበቃኝ ነበር። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ ካደረገው ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት መኪኖችም ዋጋ ሽቅብ ወጥቶ ስለነበር፣ አንዱን ሸጦ ሌላውን እስኪገዙ ድረስ ገበያው ያመልጥ ነበር። መለዋወጥ የተሻለ የመሰለንም ለዚህ ነው። ዲኤክሷን 380,000 ብር፣ ቪትዟን 620,000 ብር ብለን፣ እኔ 240,000 ብር ልጨምርለት ተስማማን።

ከእርሱ በፊት ሌላ ቪትዝ አይቼ ነበር፤ ዋጋዋም የተሻለ ነበር። ይሁን እንጂ ሊብሬዋ ለተጨማሪ እሴት ታክስ በተመዘገበ ድርጅት ስም ስለነበር ተውኩት። እንዲህ ያለ ድርጅት የድርጅቱን ንብረት ሲሸጥ 15 በመቶ ቫት ይከተላል፤ ያንን የሚሸከመውም በመጨረሻ ገዢው ነው። መኪና ስታዩ ከቀለሙ በፊት ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ እዩ።

ወረቀት ማሟላቱ አላስቸገረኝም። ሊብሬ፣ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጋብቻ ማስረጃና የትዳር ጓደኛ ስምምነት፣ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ከተያዘ፣ ሠራተኛው ሥርዓት ባለው መንገድ ያስተናግዳል።

ችግሩ የጀመረው ግምት የሚሰጥበት መስኮት ላይ ነው። የእኛ ውል አንድ የልውውጥ ውል ነበር፤ እኔ ዲኤክሷንና 240,000 ብር እንደሰጠሁ፣ እርሱ ቪትዟን እንደሰጠኝ፣ የስም ማዛወሪያውንም ወጪ እኩል እንደምንካፈል ይናገራል። በእኛ ስሌት የ240,000 ብር 2 በመቶ 4,800 ብር ስለሆነ ለእያንዳንዳችን 2,400 ብር ይደርሰን ነበር። ሠራተኛው ውሉን አንብቦ ሳይጨርስ መለሰልን። «ጋሼ፣ ልውውጥ የሚባል የለንም። ሁለት መኪና ነው፣ ሁለት ሽያጭ ነው። ሁለት የሽያጭ ውል ይዛችሁ ኑ።»

ልውውጥማ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልውውጥን ከሽያጭ ለይቶ በስሙ ይጠራዋል። እርግጥ ነው፣ ሕጉ ልውውጥን በሽያጭ ደንቦች እንዲመራ ያደርገዋል፤ የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990ም በንብረት ባለቤትነት ሰነድ ላይ ከዋጋው 2 በመቶ ይጥል ነበር እንጂ ለተለዋዋጮች ብሎ የለየው ነገር አልነበረም። ሠራተኛው ሁለቱም ሊብሬዎች ስም ስለሚቀይሩ ሁለት ጊዜ ይከፈላል ቢል ኖሮ፣ ባልደሰትበትም እቀበለው ነበር። ያልተቀበልኩት ያልሆነውን ሆነ ብለን እንድንፈርም መጠየቁን ነው። ከእጄ የወጣው ጥሬ ገንዘብ 240,000 ብር ሆኖ ሳለ፣ 620,000 ብር ቆጥሬ እንደሰጠሁ፣ ለዲኤክሷም 380,000 ብር እንደተቀበልኩ የሚናገሩ ሁለት ወረቀቶች እንድፈርም ነበር የፈለገው። ምክንያቱን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ኮምፒውተሩ ላይ ልውውጥ የሚሞላበት ቦታ የለም የሚል ነው። የሰው ውል እንደ ቅጹ ሲቆረጥና ሲቀጠል ማየት ዛሬም ያናድደኛል።

በዚህ ላይ ውሉ ለሁለት ሲከፈል ወጪውን እኩል እንካፈላለን ያልንበት አንቀጽ አብሮ ጠፋ። በልማድ ስም ማዛወሪያ የሚከፍለው ገዢ ነው። ስለዚህ እኔ የቪትዟን፣ እርሱ የዲኤክሷን እንድንከፍል ተወሰነ። ከእኔ ጋር የተዋዋለው ሰውዬ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ሒሳቡ ለእርሱ የሚያደላ መሆኑን ሲያይ «እንግዲህ ጋሼ፣ መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ካለ ምን እናደርጋለን» ብሎ ዝም አለ። አልፈረድኩበትም፤ የተስማማንበትን ወረቀት የሻረው እርሱ አልነበረምና።

ግምቱ ቀጠለ። ገማቹ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ ራሱ አዙሮ፣ በጣቱ ወደ ታች እየወረደ የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዘመን ፈለገ። ቪትዟን 700,000፣ ዲኤክሷን 450,000 ብሎ ጻፈ። ሁለቱም መኪኖች ከመስኮቱ ማዶ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። የዲኤክሷን የሾፌር በኩል ምንጣፍ ቢያነሱት ዝገት የበላው ወለል በላሜራ ተበይዶ ይታያል፤ ከበሩ ሥር ያለውም ስቱኮ በጥፍር ሲነኩት የሚፈረፈር ነበር። «ወንድሜ፣ ውጣና እያት» አልኩት። «የምንገምተው በሊብሬው ነው» አለኝ። ወረቀቱን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው የውስጥ ሰነድ ነው ብሎ መሳቢያው ውስጥ መልሶ ከተተው።

በዚህ ግምት መሠረት የእኔ ቀረጥ 14,000፣ የእርሱ 9,000 ብር ሆነ። በሁለታችን መካከል የተሻገረው ገንዘብ 240,000 ብር ብቻ መሆኑን እያሰባችሁ 23,000 ብር ስንት በመቶ እንደሚሆን አስሉት፤ ከ9 በመቶ በላይ ነው። ሕጉ የሚለው ግን 2 በመቶ ነበር።

ደላላችን ወዲያው ሁለት መውጫ አቀረበልን። አንደኛው በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ መጻፍ ነው። ይህ ምክር ከተማውን የሞላ ቢሆንም እኔ በሁለት ምክንያት እቃወመዋለሁ። ግምቱ ከውሉ በላይ ከሆነ የሚያዘው ግምቱ ስለሆነ ውሸቱ ምንም አያተርፍም፤ ነገ መኪናው ላይ ባለመብት ነኝ ባይ ቢመጣና ውሉ ቢፈርስ ደግሞ ይመለስልኝ ብለህ የምትከራከርበት ዋጋ በወረቀቱ ላይ የፈረምክበት ነው። ሁለተኛው መውጫ ስም ሳይዛወር መኪናውን በውክልና መያዝ ነበር። በዚያን ጊዜ ለውክልና ይከፈል የነበረው የቴምብር ቀረጥ 35 ብር ብቻ ስለነበር ከ14,000 ጋር ሲያወዳድሩት ልብ ያማልል ነበር፤ በውክልና ብቻ የሚነዳ መኪናም እጅግ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ውክልና የሰጠው ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃና ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት ይመጣል። ለሰጪውም አደጋ አለው። በሕጋችን መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ዲኤክሷ ቆላድባ መንገድ ላይ ሰው ብትገጭ፣ ሊብሬው በስሜ እስካለ ድረስ የተጎጂው ቤተሰብ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ሁለቱንም መውጫ እንቢ አልኩ፤ እንቢ ማለቴም ዛሬም ያኮራኛል።

ዳላስ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ስልክ ደውዬ ይህን ባወራው በጣም ገረመው። በቴክሳስ አሮጌ መኪናህን ለነጋዴ ሰጥተህ አዲስ ስትወስድ 6.25 በመቶ የሚሆነው የሽያጭ ታክስ የሚሰላው የአሮጌዋ ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ በቀረው ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ያለ ጭማሪ መኪና በመኪና ቢለዋወጡ ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ይከፍላሉ። ግምትም አላቸው፤ ነገር ግን ማንም ሰው የሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ በኢንተርኔት ያየዋል፤ መኪናው የተጎዳ ከሆነም በባለሙያ አስገምቶ ማቅረብ ይችላል። አሜሪካ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ የአሮጌው መኪና ዋጋ ሳይቀነስ በሙሉው ዋጋ ላይ ታስከፍላለች። እኔ የቴክሳሱ ትክክል ነው ባይ ነኝ። አንድ ሰው መኪና ሲለውጥ ሀብቱ የሚጨምረው በልዩነቱ ልክ ብቻ ነው፤ ቀረጡም በዚያ ልክ መሆን አለበት። እርሱ እንኳ ባይሆን፣ ግምቱ በግልጽ ይለጠፍ ማለት ከማንም መንግሥት አቅም በላይ አይደለም።

ክርክሩን በቃል ብቻ አልተውኩትም። የግምቱን ውጤት በጽሑፍ አስወጥቼ ለቅሬታ ሰሚው አቤት አልኩ፤ በጽሑፍ ካልተሰጠ አቤቱታ የሚያርፍበት የለምና «በቃል ነግረናችኋል» ሲሏችሁ እንዳትቀበሉ። የሁለቱንም መኪኖች ግምት ነበር የተቃወምኩት። ለዲኤክሷ አዘዞ ጋራዥ የተበየደችበት ደረሰኝ፣ ሞተሯ የወረደበት ደረሰኝ፣ የመካኒክ ማብራሪያና ፎቶግራፍ ስለነበረኝ ኮሚቴው ተቀብሎ ግምቷን ወደ 400,000 ዝቅ አደረገው። ለቪትዟ ግን የቀድሞው ባለቤት አንድም ደረሰኝ አላስቀመጠም፤ ስለዚህ 700,000 ጸና። የዲኤክሷ ግምት መውረዱ የጠቀመው እርሱን ነው፤ ቀረጡ ከ9,000 ወደ 8,000 ወረደለት። እኔ ያችኑ 14,000 ከፈልኩ።

ስለዚህ ከምክሬ ሁሉ የማስቀድመው ይህ ነው፦ ማስረጃ የምትሰበስቡት ለምትሰጧት መኪና ሳይሆን ለምትቀበሏት መኪና ይሁን። ሰው የሚያውቃትንና የደከመባትን መኪናውን ነው የሚከራከርላት፤ ቀረጡ የሚቆጠርበት ግን በምትመጣለት መኪና ላይ ነው። ከመዋዋላችሁ በፊት ባለቤቱን የጋራዥ ደረሰኞቹን ጠይቁት፤ ከሌለው የራሳችሁን መካኒክ አምጥታችሁ ጉድለቷን በጽሑፍ አስመዝግቡ። «ውል ጨርሳችሁ ኑ» የሚለውንም አትስሙ። የሁለቱን ሊብሬ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ግምቱን ጠይቁ፤ በመስኮቱ ካልተነገራችሁ በቅርቡ ተመሳሳይ መኪና ስም ያዛወረ ሰው ፈልጋችሁ የከፈለበትን ደረሰኝ እዩ። ጭማሪውን ብር የምትደራደሩት ያንን ካወቃችሁ በኋላ ይሁን። እኔ ቀረጡን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ 240,000 ብር አልልም ነበር።

ሁለት የሽያጭ ውል እንድትፈርሙ ካስገደዷችሁ፣ እውነተኛውን ስምምነት፣ ማለትም ልውውጥ መሆኑን፣ ስንት እንደተጨመረና ቀረጡን ማን እንደሚከፍል፣ በሌላ ወረቀት አስፍራችሁ ምስክሮች ባሉበት ፈርሙ። እኛ ይህን ያደረግነው ዘግይተን፣ እርሱ የራሱን እኔም የራሴን ለመክፈል ከተስማማን በኋላ ነው። ጭማሪውን በባንክ አስተላልፉ፤ የማስተላለፊያው ወረቀት 620,000 ሳይሆን 240,000 እንደተከፈለ የሚመሰክር ብቸኛ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ስሞች በአንድ ቀን ይዛወሩ። አንዱ ተዛውሮ ሌላው «ነገ ተመለሱ» ከተባለ፣ ያላለቀለት ሰው መኪናውንም ገንዘቡንም አሳልፎ ሰጥቶ የሚጠብቅ ይሆናል።

ለዚያ መሥሪያ ቤት ባስገባሁት ደብዳቤ ሦስት ነገር ጠይቄያለሁ፦ የግምት ሠንጠረዡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ገማቹ ተጎድቷል የተባለን መኪና ወጥቶ እንዲያይ፣ ቅጹም ልውውጥ የሚሞላበት ቦታ እንዲኖረው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ማኅተም የተመታበት ቅጂ እጄ ላይ አለ፤ መልስ ግን አልተሰጠኝም። ሊብሬው በስሜ ከወጣ በኋላ የቀረኝ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ወደ ስሜ ማዞር ነበር፤ ይህንንም ብዙ ሰው ይረሳዋልና መኪናዋን ከግቢ ከማውጣታችሁ በፊት ጨርሱት።