የጋዛን ኻንን የብር ዲርሃም ዓመት እንዴት እንደማነብ

ሳንቲሙን ከማንበቤ በፊት እመዝነዋለሁ። ኢራንን ይገዛ የነበረው ሞንጎል ጋዛን ኻን (እንደ ፈረንጆች 1295–1304) ገንዘቡን ሲያስተካክል ዲርሃሙን ግማሽ ምስቃል (ምስቃል የድሮ የክብደት መለኪያ ነው)፣ ማለትም 2.16 ግራም አደረገው፤ ድርቡ፣ ማለትም ባለ ሁለት ዲርሃሙ ሳንቲም፣ 4.32 ነው። ሚዛኑ 0.01 ግራም ካልለየ አይጠቅምም። ድርቡ 4.2 ቢመዝን በዝውውር ብዛት አልቆ ነው። 3.6 ከሆነና ጠርዙ ካልተሸረፈ ግን የጋዛን መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ከእሱ በኋላ፣ በኡልጀይቱና በአቡ ሰዒድ ዘመን፣ ክብደቱ ደረጃ በደረጃ ወርዷልና።

ቀጥሎ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጌ ሳንቲሙን ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ። ከአናት የሚወርድ ብርሃን ያለቀ ፊደልን ይውጠዋል። በአንዱ ፊት ከሊማው፣ ማለትም የእስልምና የእምነት ቃል፣ አለ። በሌላው ፊት መሃሉ ላይ «ጋዛን ማሕሙድ» በዐረብኛ፣ ከላይና ከታች ደግሞ በኡይጉር ፊደል የተጻፈ ሞንጎልኛ፦ «በሰማይ ኃይል ጋዛን ያስመታው»። የኡይጉር ጽሑፍ በልማዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚህ ግን ተጋድሞ እንደ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል።

የምሳሳተው ዓመቱ ላይ ነበር። ዓመቱ በሂጅሪ፣ ማለትም በእስልምና አቆጣጠር፣ በቁጥር ሳይሆን በዐረብኛ ቃል ይጻፋል፦ መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ አሥሩ፣ ከዚያ መቶው። ሰባት (ሰብዕ) እና ዘጠኝ (ቲስዕ) ነጥባቸው ሲቀር ሁለቱም አራት ጥርስ (ወደ ላይ የወጣ አጭር ጭረት) እና «ዐይን» የሚባለው አንድ ፊደል ናቸው። የሚለያቸው ከፍ ያለው ጥርስ ነው፤ በዘጠኝ የመጀመሪያው፣ በሰባት ከዐይን በፊት ያለው የመጨረሻው። 697ን 699 ብዬ ያነበብኩት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው እዚያው ሳንቲሙ ላይ አለ፤ «ቲስዒን» (ዘጠና) የሚለው ቃል በዚያው ቀራጭ እጅ አጠገቡ ተቀርጿል። ሰባት ይሁን ዘጠኝ ያልለየሁትን ቃል ከእሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ በአጉሊ መነጽር አስተያያለሁ። ጥርሶቹ ካልተመሳሰሉ ሰባት ነው። 697 ሂጅሪ የሚጀምረው እንደ ፈረንጆች በጥቅምት 1297 ስለሆነ፣ «1297/98» ብዬ እመዘግባለሁ።

አረንጓዴ ዝገት ካለው በተጣራ ውሃ ለቀናት ዘፍዝፌ በእንጨት ስንጥር አነሳለሁ። የብር ማጽጃ ቅባት ፈጽሞ አላስነካውም፤ መጀመሪያ የሚልጠው ያንን ከፍ ያለ ጥርስ ነው።