አሥር ፐርሰንት ከምኑ ላይ?

የመጽሐፍ ውል ሲፈረም ክርክሩ ሁሉ ፐርሰንቱ ላይ ነው። ደራሲው 15 ይላል፣ አሳታሚው 8 ይላል፣ 10 ላይ ይስማሙና ቡና ይጠጣል። 10 ፐርሰንቱ ከምኑ ላይ እንደሚታሰብ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሒሳቡን ለራሴም እንዲቀመጥልኝ እዚህ ልጻፈው።

የሽፋን ዋጋው 400 ብር የሆነ መጽሐፍ 3,000 ኮፒ ታትሞ ሁሉም ተሸጠ እንበል። ውሉ «ከሽፋን ዋጋ» ካለ ለደራሲው በኮፒ 40 ብር፣ በድምሩ 120,000 ብር ይደርሰዋል። «ከሽያጭ ገቢ» ካለ፣ አከፋፋዩ 40 ፐርሰንት ቅናሽ ቢወስድ አሳታሚው እጅ የሚገባው 240 ብር ነው፤ የደራሲው ድርሻ 24 ብር፣ በድምሩ 72,000 ይሆናል። «ከተጣራ ትርፍ» ካለ ደግሞ ከ240ው ላይ የማተሚያው ወጪ፣ 130 ብር ይሁን፣ ይነሳል። ከቀሪው 110 ብር ደራሲው 11 ብር ያገኛል፤ በድምሩ 33,000። ይኼ እንግዲህ ማስታወቂያውና የመጋዘን ኪራዩ ሳይቀነስ ነው፤ የወጪ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ደግሞ አሳታሚው ራሱ። «ትርፍ» የሚል ቃል ያለበትን አንቀጽ ከመፈረም ከሽፋን ዋጋ 6 ፐርሰንት መቀበል እንደሚሻል ከዚሁ ሒሳብ ይታያል፤ 72,000 ነው የሚመጣው።

ከፐርሰንቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ኮፒው ነው። ስንት እንደታተመ ደራሲው በምን ያውቃል?

ገጹ ተለቅሞ፣ ሽፋኑ ተሠርቶ፣ ፕሌቱ (ገጹ የሚታተምበት የብረት ሰሌዳ) ወጥቶ ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ ያለው ወጪ ወረቀት፣ ቀለምና ጥረዛ ነው። የመጀመሪያው 3,000 ዋናውን ወጪ ስለሸፈነው አራተኛው ሺህ በጣም ርካሽ ይወጣል። ፈተናው ያለው እዚያ ላይ ነው። የሚያጋልጠው ወረቀቱ ነው። 61 በ86 (በሴንቲ ሜትር) የሚባለው ትልቁ ወረቀት በኤ5፣ ማለትም በኤ4 ግማሽ መጠን በሁለቱም ፊት 32 ገጽ ይይዛል። 240 ገጽ ያለው መጽሐፍ እንግዲህ 7 ተኩል ወረቀት ይበላል። ለ3,000 ኮፒ 22,500 ወረቀት፣ ባለ 500ው ሪም ከሆነ 45 ሪም መሆኑ ነው። ለብልሽት ሁለት ሦስት ሪም ይጨመርበት። 60 ሪም የሚል ደረሰኝ ከታየ ግን ወደ 4,000 ኮፒ ታትሟል ማለት ነው። ስለዚህ የሕትመት ትዕዛዙና ማተሚያ ቤቱ መጽሐፉን ያስረከበበት ሰነድ ቅጂ ለደራሲው እንዲሰጥ ውሉ ላይ ይግባ። «1ኛ እትም፣ 3,000 ኮፒ» የሚለውም መጽሐፉ ውስጥ ይታተም። በድብቅ የተደገመ ሕትመት ይህን ጽሑፍ ሳይቀይር ስለሚወጣ፣ ከገበያ ሁለት ኮፒ ገዝቶ ጎን ለጎን ማየት ነው፦ የወረቀቱ ንጣት ወይም የጀርባው ውፍረት ከተለያየ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። እያንዳንዱ ኮፒ ላይ ማኅተም ማድረግም አለ። ክንድ ያዝላል፣ ግን ማኅተም የሌለበት ኮፒ ሱቅ ውስጥ ከተገኘ ማስረጃ ነው።

የሽያጭ ሪፖርት በየስድስት ወሩ በጽሑፍ ይምጣ፤ የተሸጠው፣ በነፃ የታደለው፣ የተበላሸውና መጋዘን የቀረው ሲደመር የታተመውን ካልሞላ የሆነ ነገር ጎድሏል። ብዙ መጽሐፍ ለሱቆች በዱቤ ስለሚሰጥ «ገንዘቡ ገና አልተሰበሰበም» የሚለው መልስ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ ክፍያውን ከሕትመቱ ጋር ማሰር ነው፦ ግማሹ ሲፈረም በቀብድ፣ ግማሹ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ።

ረቂቁን አንዴ በጥቅል ዋጋ መሸጥም ነውር የለበትም፤ ችግረኛ ደራሲ ምን ያድርግ? ግን የተሸጠው አንድ እትም ይሁን፣ የኮፒውም ብዛት የዓመቱም ቁጥር ይጠቀስ። ቁጥር የሌለው ሽያጭ የልጆችንም ድርሻ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የሚቆይ ነውና።

ይኸው አዋጅ መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። በግልጽ ያልተጠቀሰ መብትም እንደተላለፈ አይቆጠርም፤ መጽሐፉን የማሳተም መብት የሰጠ ሰው ለሬዲዮ ትረካ፣ ለትርጉም ወይም ለፊልም ፈቅዷል አይባልም። ይህን ጥበቃ ልታፈርስ የምትችል አንዲት ሐረግ አለች፦ «አሁን ባሉና ወደፊት በሚመጡ ማናቸውም መንገዶች»። አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ስለ ዳኝነት ከሚናገረው አንቀጽ በላይ ትቀመጣለች። እሷን መሰረዝና በምትኩ «በአማርኛ፣ በወረቀት» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። የድምፁና የስልክ መተግበሪያው ጉዳይ ሲመጣ ሌላ ውል፣ ሌላ ዋጋ ይኖረዋል።

መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ አሳታሚው በጽሑፍ ተጠይቆ በስድስት ወር ካላሳተመ መብቱ ይመለስ የሚለውን ብዙ ሰው አሁን አሁን እያስገባ ነው። የሚረሳው ፋይሉ ነው። መብቱ ተመልሶ የተለቀመው ገጽ ካልተመለሰ መጽሐፉ እንደ አዲስ ይለቀማል፣ እርማቱም እንደ አዲስ ይነበባል። ፒዲኤፍ ብቻ ከተሰጠ ለማተም ይሆናል እንጂ ለማረም አይመችም። ገጹ የተቀናበረበት የኢንዲዛይን ፋይል ከነፎንቱ ነው መጠየቅ ያለበት፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ባልሆነ ፊደል የተለቀመ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት 240 ገጽ ሙሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል።