ሽቅብ እየወጡ ማልቀስ አይቻልም

ባለቤቴ ያረፈው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበ ሦስት ቀን ተለቀሰ። ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ ዕድርተኛውም ከጎኔ አልተለየም። የከበደኝ ከአርባው በኋላ ነው። ሁሉም ወደየኑሮው ተመለሰ፤ ቤቱ ጭር አለ። ሰው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ካለቀስኩ «በቃሽ፣ እሱንም አታስጨንቂው»፤ ዝም ካልኩ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

መስከረም 1 ጠዋት ልጃገረዶች አበባ ይዘው በሬን ሲያንኳኩ አልከፈትኩም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እነሱ ሲሄዱ ጥቁር ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። እግሬ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወሰደኝ። እዚያው ሥር ስንኖር በእግር ወጥተን አናውቅም። እሱ ዳገት አይወድም ነበር፤ ለማርያም ንግሥ እንኳ በታክሲ ነው የምንወጣው።

የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ትንፋሽ ያጥራል። ግማሽ መንገድ ላይ ሽቅብ እየወጡ ማልቀስ እንደማይቻል ገባኝ። ወይ ታለቅሻለሽ፣ ወይ ትራመጃለሽ። ተራመድኩ። ሲደክመኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንም «በቃሽ» አላለኝም። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ እንዳሉ አለፉ። አንዷ ልብሴን አይታ «እግዜር ያጽናሽ» አለችኝና ሳትቆም ቁልቁል ወረደች። ያን ያህል ሸክም ይዛ!

የመጀመሪያው ቀን አጽናናኝ ብል ግን ውሸት ነው። መንገዱ ዳር አደይ አበባ ፈክቶ ሳይ ተናደድኩ። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ ይሄ ምን ያስፈነድቀዋል? በሳምንቱ ግን ተመልሼ ወጣሁ። በሚቀጥለውም።

በመሃል አንድ ስህተት ሠራሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ወደምንቀመጥበት መናፈሻ ሄድኩ። ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም፤ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የሁለታችሁ ወዳልነበረ ቦታ ሂድ እለዋለሁ። የሁለታችሁ ቦታ የትም አይሄድም። ሌላው፣ ጭር ባለ ሰዓት ብቻዬን አልወጣም። ለጎረቤቴ ነግሬ፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ፣ ፀሐይ ሳትገባ እመለሳለሁ። ስልኬን ይዤ ድምፁን አጠፋለሁ።

እንጦጦን የሞላው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አንድ ቀን አብራኝ የወጣች ዘመዴ ጉቶውን እያሳየች «አየሽ፣ አንቺም እንደዚህ ነሽ» አለችኝ። እኔ ጉቶ አይደለሁም አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ሳይሆን አይቀርም።

ኅዳር ላይ ጉንፋን ጣለኝ። ድሮ ቅጠሉን አፍልቶ የሚያጥነኝ እሱ ነበር፤ ጋቢውን በላዬ ይዞ «ገና ነው፣ አትውጪ» እያለ። ከዳገቱ አንድ እቅፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዤ ወረድኩ። አፈላሁት። የእሱን ጋቢ አውጥቼ ተከናነብኩና እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ አልኩ። ሲበቃኝ ልወጣ ነበር። ገና ነው ብዬ ትንሽ ቆየሁ።